«አልቋል፣ ጽሑፉን ብቻ»

ባሕር ዳር ላይ ለግራፊክ ዲዛይነር ጥር የባነር ወር ነው፤ ጥምቀቱም ሠርጉም ይደራረባል። አሁን አሁን ደንበኛው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ያወጣለትን ሥዕል ስልኩ ላይ ይዞ ነው። «ዲዛይኑ አልቋል፣ ጽሑፉን ብቻ አስተካክልልኝ» ይላል። ሂሳቡም በዚያች «ብቻ» ልክ እንዲሆንለት ይጠብቃል።

«ብቻ» ውስጥ ያለው ሥራ ይህ ነው። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ 1024 በ1024 ፒክስል (ነጥብ) ነው። 3 ሜትር ወርድ ባለው ባነር ላይ ሲለጠጥ በኢንች 9 ፒክስል እንኳ አይሞላም፤ እያንዳንዷ ነጥብ 3 ሚሊሜትር ገደማ ትሆናለች። በኢንች 72 ፒክስል ቢያዝ ወርዱ ብቻ 8,500 ፒክስል ይፈልጋል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከተላከማ ጭራሽ ይጨመቃል (እንደ ፋይል ላኩ የሚባለው ለዚህ ነው)። ማጉያ ፕሮግራሙ ጠርዙን ያጠራል እንጂ የጎደለውን የሚሞላው በግምት ነው፤ ፊት ላይ ከገመተ ሙሽራዋ ሌላ ሰው ሆና ትወጣለች።

ፊደሉ ይብሳል። ኤአይ ሥዕል ውስጥ ፊደልን የሚያወጣው እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ሥዕል ነው፤ «ሰ»ን ከ«ሱ» የምትለየው ግን አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ስለዚህ አይጠገንም። ይጠፋል፣ ጀርባው ይሞላል፣ በኢሉስትሬተር (የዲዛይን ፕሮግራም ነው) እንደ አዲስ ይጻፋል፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊትም ወደ ቅርጽ ይቀየራል፤ አለዚያ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይከፈታል። ስክሪን ላይ የሚያበራው የጣና ሰማያዊም በማተሚያው አራት ቀለም ሲታተም ወደ ሐምራዊ ያደላል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ታንኳው ነው። ኤአይ የደንገል ታንኳ ሲባል የእንጨት ጀልባ ይሥላል! የዘጌ ገዳማትን አሣሣል አስመስል ሲባልም ሁሉንም ሰው ፊት ለፊት ይደረድራል። በዚያ አሣሣል ጻድቁ በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ነው። ብራና ላይ ሥሎ የሚሸጠው ሠዓሊ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ገበያውን የሚሻማው ግን ይህን የማያውቀው የኤአይ ሥዕል ነው።

ዋጋ መቆረጥ ያለበት ሥራው ሳይነካ ነው፤ ማረም በሰዓት፣ ከባዶ መሥራት በሥራው። ብዙ ጊዜ ከባዶ መሥራቱ ይፈጥናል፤ የደንበኛውን ሥዕል እንደ ናሙና ማየት ይበቃል። ደረሰኙ ላይም «ጽሑፍ ማስተካከል» ተብሎ አይታለፍ፤ ፊደል ማጥፋት፣ ጀርባ መሙላት፣ መጻፍ፣ ቀለም ማስተካከል ተብሎ በየመስመሩ ይጻፍ።