አጋም ከዘር፦ ኮምቦልቻ ላይ እስካሁን የደረስኩበት

አጥሬን በአጋም ልተካ ነው ስል ሰፈሩ ሳቀብኝ። «ጫካው ሞልቶት የለ? ምን ያስለፋሃል?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ከከተማው ወጣ ሲሉ በየገደሉ አለ። እኔ ደግሞ አጥርም ፍሬም የሚሆነኝን ነው የምፈልገው። ቆርቆሮ ፍሬ አይሰጥም።

ዘር ልትለቅሙ ከወጣችሁ ከፍሬው በፊት እሾሁን እዩ። መረንዝ የሚባል ዘመድ አለው። ቅጠሉ እንደ አጋም ወፍራምና አብረቅራቂ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል። አበባው ነጭና ቀላ ያለ፣ ሽታው የሚያውድ። ፍሬውም ሲበስል ይጠቁራል። ግን መረንዝ እሾህ የለውም፣ መርዛማም ነው። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ለቀስታቸው መርዝ የሚያወጡት ከእሱ ነው፤ የሚመታው ልብን ነው። ስለዚህ ወተቱን ወይም አበባውን ብቻ አይቶ «አጋም ነው» ማለት አያዋጣም። ቅጠሉ ሥር ቀጥ ያለ ጠንካራ እሾህ ካላየሁ ፍሬውን አልነካም። እረኛ ልጆች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል።

የአጋም ፍሬ ቀይ ሳለ ወተቱ አፍ ያጣብቃል። ጠቁሮ ሲለሰልስ ነው የሚለቀመው፤ ያኔ ለመብላትም ለዘርም ይሆናል። ውስጡ ያሉትን ጥቂት ዘሮች በውኃ አሽቼ አጠብኩ። ጥላ ላይ አጠፈፍኳቸውና ሳይቆዩ በችግኝ ላስቲክ ዘራሁ። ትኩስ ዘር ይሻላል፤ ለከርሞ ብሎ ማስቀመጥ ብዙም አይጠቅምም። አፈሩ አሸዋ የበዛበት፣ ትንሽ ፍግ የገባበት ነው። ውኃ ከማነስ ይልቅ መብዛቱ ያሰጋል።

አበቃቀሉ አንድ ላይ አይደለም። አንዱ ብቅ ብሎ ቅጠል ሲያወጣ ሌላው ገና አፈር ውስጥ ነው። ቶሎ ተስፋ ቆርጣችሁ ላስቲኩን እንዳትደፉት። እድገቱም ዝግ ያለ ነው፣ ለቸኮለ ሰው አይሆንም። የለጋው እሾህ ለስላሳ ስለሆነ ከፍየል የሚያስጥለው ነገር የለም፤ ዙሪያውን ጭራሮ አጥሬበታለሁ።

ክረምቱ ሲገባ ወደ መሬት አወረድኳቸው። ከጎረቤቴ ቁልቋል ግን ራቅ አድርጌ ነው የተከልኩት። ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ይባል የለ፣ እኔም ጎረቤቴን ማስለቀስ አልፈልግም።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ለአጋም ትመቻለች። ደሴ 2,500 አካባቢ ነው፣ ብርዱም ይከብዳል። ትርፍ ችግኝ አለኝ። ደሴ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ፀሐይ የሚያገኝ ጓሮ ያለው ሰው ካለ መጥቶ ይውሰድና ይሞክርልኝ።