ሮይስተን ማልዱም ደሴ ቢመጡ

እንግሊዛዊው ኬሮግራፈር (የዳንስ ቀማሪ) ሮይስተን ማልዱም በዓለም ዘንድ የታወቁት በበርሊኑ ሥራቸው ነው። በ2003 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ሆነው 250 ልጆችን በስትራቪንስኪ ሙዚቃ መድረክ ላይ አወጡ። እኔ ግን የማስበልጠው ከዚያ 7 ዓመት ቀድመው አዲስ አበባ ላይ የሠሩትን ነው። በ1996 ከ100 በላይ የጎዳና ልጆችን ይዘው በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ትርኢት አቀረቡ። ጭብጨባው ሲያበቃ ሻንጣ ቆልፎ መሄድ ይቻል ነበር። ከዚያ የተወለደው ግን አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ነው፤ 18 ወጣቶች 5 ዓመት ሠልጥነውበታል፣ ከመጨፈሩ ጎን ሌላውን ማስተማርም ተምረውበታል። ከነሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ለ2004 ከጃፓናዊው ኬሮግራፈር ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር እንዲሠራ ተመረጠ። በ2009 ደግሞ እሱና ጓደኛው አዲሱ ደምሴ ለንደን፣ ሳድለርስ ዌልስ በተባለው የዳንስ ቲያትር መድረክ ላይ ቆሙ። የውጭ ኬሮግራፈርን የምለካው በዚህ ነው፤ እሱ ሲሄድ ሥራውን የሚቀጥል ማን ይቀራል?

ማልዱም የተወለዱት በ1943 ለንደን ውስጥ ነው። ዳንስ የጀመሩት ሃያዎቹ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው፤ ለባሌት ሰው ይህ በጣም መዘግየት ነው። ሊትዌኒያ፣ ቦስኒያ፣ ፔሩና ደቡብ አፍሪካ ሁሉ ያልሠለጠነ ሰው ይዘው መሥራታቸው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። አሠራራቸው ጥብቅ ነው። መጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎ ቀጥ ብሎ መቆም፣ እርምጃ ከዚያ በኋላ ነው። የሚሥቅና የሚያወራ ልጅ ካለ ሁሉም ይቆማል።

እንዲህ ያለ ሰው ደሴ መጥቶ ከኛ ተወዛዋዦች ጋር ቢሠራ ምን ይገጥመዋል የሚለው ሲከነክነኝ ሰንብቷል።

ከተማው ራሱ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ ከባሕር ጠረፍ የመጣ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ልምምዱን ማሳጠር እንጂ መፍትሔ የለውም። የአዳራሾቻችን ወለል ደግሞ ሲሚንቶ ነው። በእንጨት ወለል ላይ የሚዘለለውን ዝላይ እዚህ ቢያዘልል በሳምንቱ የልጆቹ ቅልጥም ማመም ይጀምራል። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው።

ከባዱ ምቱ ነው። እስክስታ የሚጨፈርበት ምት፣ ቺክቺካ፣ 6/8 ነው፤ እያንዳንዱ ትልቅ ምት ለሦስት ይከፈላል። በስምንት መቁጠር የለመደ ሰው ትልልቆቹን ምቶች በትክክል ይቆጥራቸዋል፣ እግሩም አይስትም። ትከሻው ላይ ሲደርስ ግን ሳይታወቀው ምቱን ለሁለት ይከፍለዋል። ከሩቅ ሲያዩት እስክስታ ይመስላል፣ ከከበሮው ጋር ሲሰሙት ግን የማርሽ ባንድ ነው። ማረሚያው ቁጥሩን ትቶ ማስጨብጨብ ነው። በዝምታ የሚጀምረው አሠራር እዚህ ላይ ይቸገራል፤ የኛ ሰው ትኩረቱን የሚሰበስበው ከጭብጨባው ውስጥ ነውና።

ቀጥሎ ትከሻ። ባሌት ያደገበት ሰው ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ጸጥ ማሰኘትን ለዓመታት ተምሮታል። ስበቅ ሲሉት ወደ ጆሮው ይሰቅለዋል፤ የሚፈለገው ግን ከጀርባ፣ ከትከሻ አጥንቱ ተነሥቶ ወደፊትና ወደኋላ ነው። እጅን ወገብ ላይ ማስያዝ ጥሩ ነው፣ በክንድ ማጭበርበር አይቻልም። ትንፋሽም አለ። ነባሮቹ በጥርሳቸው መካከል «እስስ» የሚሉት ለጌጥ ብቻ አይደለም፣ አየር እየወጣ ደረት እንዳይደርቅ ነው። ትንፋሹን የያዘ ሰው ብዙም ሳይቆይ እንጨት ይሆናል።

ወሎ ላይ የሚለየው አንገቱ ነው፤ እዚህ ላይ ችኮላ አያስፈልግም። አንገት ሲሰበቅ አገጭ ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም፣ ከመሬቱ ጋር እኩል እንደሆነ ይወጣል፣ እኩል እንደሆነ ይመለሳል። ጀማሪ አገጩን ሽቅብ ይወረውርና ማጅራቱን ያጥፈዋል፣ በማግሥቱ ራስ ምታት ነው። ሁለት ጣት አገጭ ሥር አስይዞ፣ በአራት ምት ማውጣት፣ በአራት መመለስ፣ ከዚያ በሁለት፣ ከዚያ በአንድ። በመጀመሪያው ቀን ከ5 ደቂቃ በላይ ማሠራት ጉዳት እንጂ ትምህርት አይሆንም። አንገት የለመደ ሰው ከትከሻው ጋር የሚያዋህደው ሁለቱ ለየብቻ ሲጠሩለት ብቻ ነው። ብዙ አሠልጣኞች ቸኩለው አንድ ላይ ይጀምሩታል፣ ያኔ ሁለቱም ይበላሻሉ።

መድረክ ላይ ሲወጣ ደግሞ አቅጣጫ ይመጣል። እስክስታ ፊት ለፊት ነው፤ አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው ይመልሳል። ቲያትር ቤት ግን ሁሉም ወደ ተመልካች እንዲዞር ይፈልጋል። ልጆቹን በረድፍ ደርድሮ ሁሉንም ወደ ወንበሩ ማዞር የተለመደው መንገድ ነው፤ ለቴሌቪዥን ያምራል፣ ምላሹን ግን ይገድላል። እኔ የምመርጠው ወደ ተመልካች የተከፈተ ግማሽ ክብ ነው። ጥንዶቹ በጎናቸው ይታያሉ፣ አጨብጫቢዎቹ ጀርባውን ይይዛሉ፣ ማሲንቆው ከመጋረጃ ኋላ ሳይሆን ክቡ ውስጥ ይቀመጣል። ማሲንቆ መቺው የጨፋሪውን ትከሻ እያየ ነው ዜማውን የሚያስረዝመው ወይም የሚቆርጠው። አምባሰልም ይሁን ባቲ ለውጥ የለውም፣ ዓይን ለዓይን መተያየት አለባቸው።

የተቀዳ ሙዚቃ ከሆነ ግን እስክስታው የት እንደሚወርድ አስቀድሞ የሚወስነው ኬሮግራፈሩ ይሆናል። ለ250 ልጅና ለሙሉ ኦርኬስትራ እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ግድ ነው፣ አልቃወምም። ለስምንት የወሎ ተወዛዋዥ ግን ማልዱምም ቢሆኑ እንዲያ ቢያደርጉብን አልስማማም።