«ሸማኝ» ብዬ የተሳሳትኩበት ሳምንት

የጥጥ ሙያ ስሞችን ፍቺ መልቀም ከጀመርኩ ስድስተኛ ሳምንቴ ነው። ከሥራ ስወጣ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ጎራ እላለሁ። መዝገበ ቃላት አገላብጣለሁ፣ ደብተሬ ላይ እጭራለሁ።

መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር። ግሱን ያዝ፣ ሠሪውን አውጣ፣ በቃ። ፈተለ፣ ፈታይ። መጨረሻ ያለው «ለ» ወደ «ይ» ይዞራል፤ ከፈለ ከፋይ እንደሚለው። ሰፋ ደግሞ ሰፊ። ግእዙ ሰፈየ ነበር፤ አማርኛ «የ»ን ዋጣት። እዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ከዚያ ሸመነ መጣ። ለመነ ለማኝ፣ ዘፈነ ዘፋኝ ካለ፣ ሸመነ «ሸማኝ» ነዋ! በልበ ሙሉነት ጻፍኩት። ፒያሳ ግቢያችን ውስጥ እንዝርት የሚያሾሩ እናት አሉ። ሳነብላቸው እንዝርቱን አቁመው አዩኝ። «ሸማኝ? እሱ ደሞ ማነው ልጄ?»

ሰረዝኩት። ሸማኔ ከደንቡ ያፈነገጠ ነው። ግእዝ ደግሞ ጭራሽ በሌላ ቃል ነው የሚጠራው፤ አነመ ብሎ አናሚ።

እማማ ስህተቴን አይተው ዝም አላሉም፣ መዳመጥን በእጃቸው አሳዩኝ። ጥጡን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርገው ቀጭን ብረት ያንከባልሉበታል። ፍሬው እየተፈለቀቀ ጠብ ጠብ ይላል። ለካ አስፋልት የሚጠቀጥቀው «ዳምጠው» ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው! ሰፈራችን መንገድ ሲሠራ ስንት ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል፤ የጥጥ ዘመድ መሆኑን ግን አላሰብኩም።

ጠላፊም አስቆኛል። ጥልፍ የሚሠራውም ጠላፊ፣ አውሮፕላን የሚወስደውም ጠላፊ። መርፌዋ ክሩን ይዛ ስትጎትት ካያችሁ ግን ያው አንድ እንቅስቃሴ ነው።

ብዙ የቆየሁት ግን ጠይብ ላይ ነው። ጠይብ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ቃሉ የመጣው ከጠቢብ ነው። የቀሚስ ጥለቱንም ጥበብ እንለዋለን። አንዱን ቃል ከቀሚሳችን ጫፍ አስውበን፣ ሌላውን ስድብ አደረግነው። ሸማኔም ስድብ ነበር። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. እንዲህ እያሉ ሠራተኛን መሳደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ይህን ለእማማ ስነግራቸው «ከልክለው ነበር እንዴ?» አሉና ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ።

ቀጣዩ ደወረ ነው፤ ማጉን፣ ማለትም የሽመናውን አግድም ክር፣ ቀሰም በሚባለው መጠቅለያ ላይ ማጠንጠን። «ደዋሪ» ብዬ ከመጻፌ በፊት እሳቸውን እጠይቃለሁ።