ጠርዙ ይቆረጥ ተብሎ የመጣው ገጽ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ፍሬም ቤት ነው የምሠራው። ባለቤቱ የአገራችን ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የሰርግ ፎቶ፣ ዲግሪ፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ የኳስ ማልያ፣ የማይመጣ ነገር የለም። አብዛኛው ይለካል፣ ይቆረጣል፣ መስታወት ይገባለታል፣ ያልቃል። የአሜሪካዊው የኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ) ሠዓሊ የጃክ ከርቢ የእጅ ሥዕል ገጽ የመጣ ቀን ግን ሥራው እንዲህ በቀላሉ አላለቀም።

ከሰዓት በኋላ ስገባ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አንድ ትልቅ ወፍራም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷል። ማስመሪያውን አስተካክሎ መቁረጫውን ሊያሳርፍበት ነው። የትእዛዝ ወረቀቱ ላይ “አራቱም ጠርዝ ተቆርጦ ካርቶን ላይ ይለጠፍ” ተብሎ ተጽፏል። ያዘዘው ደንበኛው ራሱ ነው። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል፣ የእርሳስ ጽሑፍም ሞልቶበታል። ሰውዬው የፈለገው ግድግዳው ላይ ንጹህ ሥዕል እንዲሰቀልለት ነው። ልጁም የታዘዘውን ነበር የሚሠራው።

ወረቀቱን እንዳየሁት “እስቲ አንዴ ቆይ” አልኩት።

ኮሚክ ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ኦሪጅናል ገጽ የመግዛት አቅም ባይኖረኝም ጨረታ በወጣ ቁጥር ፎቶዎቹን እያጎላሁ አያለሁ። ይህ ገጽ ፋንታስቲክ ፎር ከሚባለው የጀግኖች ኮሚክ ነበር፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.)። መጠኑ ብቻውን ዕድሜውን ይናገራል። እስከ 1967 ገደማ ሠዓሊዎቹ የሚስሉት ከሚታተመው መጽሔት በጣም አግዝፈው ነበር፤ ሥዕሉ ብቻ ወደ 32 በ47 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ወደ 25 በ38 ወረደ።

መጽሔቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ኦሪጅናሉን ሲያይ ግራ ይጋባል። ቀለም የለውም። ቀለሙ የሚሠራው ለብቻው፣ በሌላ ወረቀት ላይ ስለሆነ ይህኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት ደግሞ የሰው እጅ ያለፈበት ሁሉ ይታያል። ካሜራ አያነሳውም ተብሎ በሰማያዊ እርሳስ የተሰመረው መስመር አለ። ከጀግኖቹ አንዱ የሆነው ዘ ቲንግ ትከሻ ላይ የሳተው ቀለም በነጭ ተሸፍኖ እንደገና ተሥሏል። አንድ የንግግር ክብ ላይ ቃላቱ ተቀይረው ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ኮላው ከስር ቢጫ ቡናማ ሆኖ ወጥቷል። ደንበኛው “ቆሻሻ” ያለው ይህንን ሁሉ ነበር።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ጠርዙ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍል አጠገብ፣ ከሥዕሉ ውጭ፣ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። ቸኩሎ በሚጽፍ ሰው እጅ፣ በትልልቅ ፊደል። ይህ ሰው ለምን እንደተቆጣ፣ ያኛው ወዴት እንደሚሮጥ፣ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ ያስረዳል።

ያንን ጽሑፍ ለልጁ ለማስረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። በዚያን ዘመን ኮሚኩን በሚያሳትመው ኩባንያ፣ ማርቭል ውስጥ ሙሉ የተጻፈ ድርሰት ለሠዓሊው አይሰጠውም ነበር። ጸሐፊው ስታን ሊ እና ከርቢ ስለ ታሪኩ በጥቅሉ ይነጋገራሉ። ከዚያ ከርቢ ቤቱ ተቀምጦ ገጽ በገጽ ይስለዋል። ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ታሪኩ እንዴት እንደሚሄድ፣ ብዙውን ራሱ ይወስናል። ሊ እንዲገባው ደግሞ ጠርዙ ላይ በእርሳስ ያብራራለታል። ሊ ያንን እያየ ንግግሩን ይጽፋል፤ ፊደል ጸሐፊው በእጁ ያሰፍረዋል፤ በመጨረሻ ሌላ ሠዓሊ እርሳሱን በጥቁር ቀለም ይከተለዋል።

ታዲያ እነዚህን ጀግኖች የፈጠረው ማን ነው የሚለው ክርክር ከርቢን ዕድሜ ልኩን ተከትሎታል። እሱ በ1994 ካረፈ በኋላም ልጆቹ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል፤ በስምምነት ያለቀው በ2014 ነው። ኦሪጅናል ገጾቹን ለማስመለስ ራሱ ብዙ ተጉላልቷል። በ1980ዎቹ ኩባንያው ለሌሎቹ ሠዓሊዎች አጭር ወረቀት ሲያስፈርም ለእሱ አራት ገጽ ሙሉ ውል አቀረበለት። በ1987 የተመለሰለት 2 ሺህ ገደማ ገጽ ነው፤ የሳለው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበር። ይህንን ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል። ሰውዬው ስንት እንደለፋ በራሱ እጅ ጽፎ የተወው ማስረጃ ያ ጠርዝ ነው። እኛ ደግሞ ቆርጠን ቅርጫት ውስጥ ልንጥለው ነበር።

ጋሼን ጠራኋቸው።

“ጋሼ፣ ይሄ ነገር ባይቆረጥ ይሻላል።”

“ደንበኛው ቁረጡ ብሎ ፈርሟል እኮ። ነገ ያዘዝኩትን አልሠራችሁም ቢለኝስ?”

“እንደውልለት። ከተቆረጠ በኋላ ግን መመለሻ የለውም።”

መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና “እስቲ ገልብጠው” አሉኝ። ጀርባው ላይ የኮሚክስ ኮድ ማህተም አለ። ከ1954 ጀምሮ ታሪኩ ለልጆች ይሆናል ወይ እያለ ኮሚኮችን ይመረምር የነበረው አካል ማህተም ነው። ካርቶን ላይ ብንለጥፈው ማህተሙም አብሮ ይቀበር ነበር። ጋሼ ዲቁና ተምረው ያደጉ ሰው ናቸው። ቀና ብለው “እኛ ጋ ወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይና ጠርዙ ላይ የርስት ውል ይጻፍ የለ እንዴ? ያንን ቆርጦ የሚጥል ማን አለ?” አሉ። ወዲያው ስልኩን አነሱ።

ደንበኛው በማግስቱ መጣ። ጡረታ የወጣ፣ ትሁት ሰው ነው። ገጹን አባቱ በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ከአንድ የኮሚክ ገበያ በጥቂት ዶላር ገዝቶ እንደሰጠው ነገረን። ያኔ እንዲህ ያለ ገጽ ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። የእርሳሱን ጽሑፍ ማተሚያ ቤት ያሉ ሰዎች የጻፉት ይመስለው ነበር። የከርቢ ጽሑፍ እንደሆነ ስነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ “አባቴ ይህንን ያውቅ ነበር ብለህ ታስባለህ?” ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? ዝም አልኩ።

ዋጋውንም ጠየቀን። እኛ ገማቾች አይደለንምና ጨረታ ቤት እንዲያማክር ነገርነው። ነገሩ ወዴት እንደደረሰ እንዲገባው ግን አንድ ምሳሌ ሰጠሁት። ስፓይደርማን ጥቁሩን ልብስ የሚያገኝበት፣ ማይክ ዜክ የሳለው የ1984 አንድ ገጽ በ2022 በ3.36 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። እርግጥ ሁሉም ገጽ እንዲህ አያወጣም፤ ያኛው ልዩ ነው። እኔን ከገንዘቡ ይልቅ ደስ የሚለኝ ሌላው ነው። ስፓይደርማን መጀመሪያ የወጣበት የ1962ቱ መጽሔት፣ ስቲቭ ዲትኮ የሳለው 24 ገጽ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። በ2008 አንድ ሰው ስሙን ሳይገልጽ በነጻ ሰጠው። ማንም ተመራማሪ ጠይቆ ሊያየው ይችላል።

ሥራውን እንደገና ከዜሮ ጀመርነው። ካርቶኑን ሰፋ አድርገን ቆረጥነው፣ ጠርዙ ከነጽሑፉ እንዲታይ። አሲድ የሌለው ካርቶን ነው የተጠቀምነው። ስኮች የሚባል ነገር አላስጠጋንም። ገጹን ከላይ ብቻ፣ በስስ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ያዝነው፤ ይህ ነገ ቢፈለግ በትንሽ እርጥበት ይላቀቃል። መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ መሃል ላይ ክፍተት ተውን፤ ከነካው በሙቀትና በእርጥበት ቀለሙ ይጣበቃል። መስታወቱ የፀሐይ ጨረር የሚከላከል ነው። ጀርባው በኩል ማህተሙ ባለበት ቦታ ጋሼ ትንሽ መስኮት አስከፈቱ። ይህኛው ሐሳብ የእሳቸው ብቻ ነው።

ነጩን ቀለምና ቢጫውን ኮላ አልነካናቸውም። ደንበኛው “ያ ግን አይጸዳም?” ብሎ ነበር። ማጽዳት ካስፈለገ የወረቀት ጥገና የተማረ ባለሙያ ዘንድ ነው የሚሄደው፤ የፍሬም ቤት ሥራ አይደለም። ተስማማ።

ዋጋው መጀመሪያ ካዘዘው በልጦ ስለነበር ጋሼ ልዩነቱን በከፊል ቀነሱለት። ትእዛዝ መቀበያው ቅጽ ላይ ደግሞ አንድ መስመር አስጨመሩ፦ “ጀርባውና ጠርዙ ከደንበኛው ጋር ታይቷል” የሚል፣ ከጎኑ የፊርማ ቦታ ያለው። አሁን ወረቀት ነክ ነገር ሲመጣ መቁረጫውን ከማንሳቱ በፊት መጀመሪያ የሚገለብጠው ያ ልጅ ነው። ከርቢ ማን እንደሆነም ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ ምሳ ሰዓት ላይ እኔን የሚያስተምረኝ እሱ ሆኗል።