ድምፄን የመለሰልኝ አምላክ

በተውኔት ሙያ ውስጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ኪነት ተነሥቼ፣ ኋላም ለብሔራዊ ቴአትር መድረክ በቅቼ፣ ሙሽራም ንግሥትም ገረድም ሆኜ ተጫውቻለሁ፤ በቴሌቪዥን ድራማና በፊልም ያዩኝ ልጆች ዛሬም መንገድ ላይ «እማማ» እያሉ ያቅፉኛል። የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ ከነበረበት ዘመን በኋላ እነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና አስናቀች ወርቁ ነቀፌታውን ችለው መንገዱን ባይጠርጉልን ኖሮ ለዚህ አልበቃም ነበርና ባለውለታዎቼ ናቸው። አሁን ግን፣ ይህን ሁሉ የሠራሁበትን ድምፅ ካጣሁት በኋላ እግዚአብሔር እንዴት እንደመለሰልኝ ልመሰክር።

በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የብሔራዊ ቴአትር አዳራሽ ከ1 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። እኛ በድምፅ ማጉያ ሳንታመን፣ መጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ሹክሹክታችንን ሳይቀር እንዲሰማ ከሆድ ተንፍሰን መናገርን የተማርን ነን። ስለዚህ አንገቴ ላይ የነበረው እንቅርት አድጎ ትንፋሽ ሲያሳጥረኝና ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል ስባል፣ ከነፍሴ እኩል የፈራሁት ለድምፄ ነው። የድምፅ አውታሮችን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከእንቅርቱ ጀርባ ተጠግቶ ስለሚያልፍ፣ ሐኪም የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድሞ ተነግሮኝ ነበር። ያ የፈራሁት ደረሰ። ስነቃ ከጉሮሮዬ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ውኃ እንኳ በተጎነጨሁ ቁጥር ትን ይለኝ ጀመር። ነርቩ ካልተቆረጠ በወራት ውስጥ ሊያገግም እንደሚችል፣ ዓመት ካለፈው ግን ተስፋው እንደሚመነምን ሐኪሙ ሳይደብቅ ነገረኝ።

የሳሙኤል እናት ሐና በቤተ መቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበርና ካህኑ ዔሊ የሰከረች መስሎት ነበር። እኔም ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ የእርሷን ጸሎት ጸለይሁ። ስልክ ሲጠራ አላነሣም፤ ጉልት ሄጄ ሽንኩርት የምገዛው በጣቴ እያመለከትሁ ነበር፤ ሌሊት ግን ውዳሴ ማርያሜን በከንፈሬ ብቻ ሳላስታጉል እደግም ነበር። የካህኑ የዘካርያስ አንደበት የተዘጋው በመልአኩ በገብርኤል ቃል መሆኑን፣ ልጁ ዮሐንስ ተወልዶ ስም በወጣለት ጊዜም እንደተፈታ አስቤ፣ ለቁልቢው ገብርኤል ተሳልሁ፤ ድምፄ ከተመለሰልኝ ጃንጥላ ይዤ ደጁን ልሳለም።

መጀመሪያ ያስተዋልሁት ውኃው ነው፤ አንድ ጠዋት ብርጭቆውን ጨርሼው ሳያስለኝ ቀረ። ከዚያ በኋላ በአንድ ሰንበት ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲል እኔም እንደ ልማዴ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ፣ አጠገቤ የቆሙ እናት ዞር ብለው አዩኝ። ድምፅ ወጥቶኝ ነበር! ሻካራና ቀጭን ነበር፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው ጆሮ የደረሰ ድምፅ ነበር። ከዜማው መሐል ዕንባዬ ወርዶ ነጠላዬን አራሰው። ሐኪሙም በቀጭኗ ካሜራ ጉሮሮዬን አይቶ፣ ቆሞ የነበረው አውታር መንቀሳቀስ መጀመሩን አረጋገጠልኝ። «ነርቩ በራሱ ጊዜ አገገመ እንጂ ምን ተአምር አለው?» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ነርቩንም የፈጠረ፣ የሐኪሙንም እጅ የመራ እርሱ ስለሆነ ሕክምናውንና ምሕረቱን ለያይቼ ማየት አልችልም።

ታኅሣሥ 19 ቀን፣ በንግሡ ዕለት፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቁልቢ ወጥቼ ስለቴን አገባሁ፤ እልልታዬንም በገዛ ድምፄ አቀለጥሁት። ድምፄ ከቀድሞው ወፈር ብሏል፤ ረጅሙን ዜማ እንደ ድሮው አልዘልቀውም። አዘጋጆች ግን ለዕድሜዬ የሚመጥኑ እናቶችንና አያቶችን እየሰጡኝ ነው፤ ወደ ልምምድ ስገባም በከንፈሬ ብቻ የደገምሁትን ያንኑ ውዳሴ ማርያም አሁን ጮኽ ብዬ ደግሜ እገባለሁ።