ዓባይ በረሃን ከኮሎስቶሚ ጋር መሻገር

ኮሎስቶሚ፣ ማለትም ሰገራው ሆድ ላይ ወደ ተለጠፈ ከረጢት እንዲወጣ የተከፈተ ትልቅ አንጀት፣ ላለው ሰው የዕለት ተዕለቱ ጭንቀት ከሕመሙ ይልቅ ከረጢቱ ሳላውቀው ያፈስስብኛል የሚለው ስጋት ነው። ስቶማው፣ ማለትም በሆድ ግድግዳ በኩል ወጥቶ የተሰፋው የአንጀት ጫፍ፣ ሲነኩት አያምም፤ መዝጊያ ጡንቻም ስለሌለው ሰገራውን ይዞ ማቆየት አይቻልም። ስለዚህ ፈሳሹ ከመለጠፊያው ሥር መግባቱን የምናውቀው ወይ ቆዳችን መቃጠል ሲጀምር ወይ ሽታው አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ዘንድ ሲደርስ ነው።

በእኛ በደጋው አገር የአንጀት መጠምዘዝ የታወቀ በሽታ ነው። የተጠመዘዘው አንጀት ደም አጥቶ ከሞተ ሐኪሙ ያንን ክፍል ቆርጦ ያወጣና የቀረውን ጫፍ ሆድ ላይ ይከፍተዋል፤ እኔም ለዚህ የበቃሁት በዚሁ መንገድ ነው።

ዛሬ የምንለጥፈው ከረጢት መነሻው ዴንማርካዊቷ ነርስ ኤሊሴ ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1954 ስቶማ ለነበራት እህቷ ብላ ያሰበችው ነው። የከረጢቱን ሁኔታ የሚጠቁም መሣሪያ፣ ሴንሰር፣ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ሲሆን፣ የትንሽ አንጀት ንቅለ ተከላ የተደረገለት እንግሊዛዊው ማይክል ሴሬስ መታጠፍን የሚለካ ሴንሰር ከረጢቱ ላይ አድርጎ፣ ሲሞላ በብሉቱዝ ስልኩን እንዲያስጮኽ አደረገ። ኮሎፕላስት የተባለው ኩባንያ የሠራው ሄይሎ የተሰኘ መሣሪያ ደግሞ መሙላቱን ትቶ መፍሰሱን ይከታተላል፤ በቆዳውና በመለጠፊያው መካከል የሚገባው ስስ ሽፋን ፈሳሽ ሲደርስበት ስልክ ላይ መልእክት ይልካል።

ለእኔ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። ሰገራው ጠጠር ስለሚል የከረጢቱን መሙላት በሸሚዝ ላይ በመዳፌ ዳስሼ አውቀዋለሁ፤ ግማሽ ሳይደርስም አፈስሰዋለሁ። ከትንሹ አንጀት ለተከፈተለት ሰው ግን የሚወጣው ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነና ሲበዛ ሰውነቱን ውኃ ስለሚያሳጣው፣ መጠኑን የሚለካው ይጠቅመዋል።

የሴንሰሩ ነገር ይበልጥ የሚታሰበኝ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ነው። ከደጀን ቁልቁል ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርደን ድልድዩ ጋ ስንደርስ ላቡ ማጣበቂያውን ያላላዋል፤ ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ የውጭው አየር ግፊት እየቀነሰ ስለሚሄድ በከረጢቱ ውስጥ ያለው ጋዝ ይነፋና የላላውን መለጠፊያ ይስበዋል። ሾፌሩ ጠመዝማዛው መሐል አይቆምልኝም፤ ድልድዩ ጋ ሳለን ባውቅ ግን ቢያንስ ፎጣ ሸጉጬ፣ ነጠላዬን ደርቤ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ እንዲያወርዱኝ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።

እንደ እኔ ኮሎስቶሚ ላለው ገበሬ ወንድሜ የስልክ መልእክት ላይሆንለት ይችላል። ባሕር ዳር ኤሌክትሮኒክስ የሚያጠኑ ልጆች ይህን ካነበቡ የምጠይቃቸው ስልክ የማይፈልግ፣ ስቶማውን ሳይጫን መቀነት ላይ የሚታሰርና በንዝረት ብቻ የሚያስጠነቅቅ ነገር ነው። ነዛሪውስ ውድ ቢሆን አንዴ ይገዛል፤ ሽፋኑ ግን መለጠፊያው በየጥቂት ቀኑ በተነሣ ቁጥር አብሮ ስለሚጣል፣ ርካሽ መሆን ያለበት እሱ ነው።