«ኮምፕሮማይዝድ» የሚለውን ቃል የተረጎምኩበት ዓርብ

በቸርችል ጎዳና ዳር በሚገኝ የትርጉም ቢሮ ተቀጥሬ በሠራሁበት ሁለተኛ ዓመት፣ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ከውጭ አገር የሶፍትዌር አቅራቢው የደረሰውን አጭር የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለአስቸኳይ ትርጉም ላከልን። ደብዳቤው የሁለት ሠራተኞች አካውንት «ኮምፕሮማይዝድ» መሆኑን ገልጾ አፋጣኝ ምላሽ ይጠይቃል። እኔ ቃሉን ከትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቀው በሰጥቶ መቀበል ትርጉሙ ብቻ ስለነበር፣ አካውንቱንም እንደ ገንዘብ ሒሳብ ወስጄ «የሁለቱ ሠራተኞች የሒሳብ ጉዳይ በስምምነት ተፈትቷል» ብዬ ጻፍኩ። ያለቀ ጉዳይ ስለምን አፋጣኝ ምላሽ ይጠየቅበታል ብዬ ራሴን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ስሕተቴን እዚያው ባገኘሁት ነበር።

የማኅበሩ የሒሳብ ኃላፊ ትርጉሙን አንብበው ወረቀቱን ከፋይል ጋር አያያዙት። ሰኞ ጠዋት የኮምፒውተር ባለሙያው እንግሊዝኛውን አይቶ ደወለልኝና «እኅቴ፣ አካውንቶቹ እኮ በሌላ ሰው እጅ ገብተዋል ነው የሚለው» አለኝ። የይለፍ ቃሎቹ ቅዳሜንና እሑድን ሳይቀየሩ ቆይተው፣ በአንደኛው ሠራተኛ ስም ለደንበኞች የሐሰት መልእክት ተልኳል። ገንዘብ አልጠፋም፤ ያ ሠራተኛ ግን ስሙን ለማጥራት ለደንበኞቹ አንድ በአንድ ሲደውል መሰንበቱ ዛሬም ይቆጨኛል።

የቢሮአችን አንጋፋ ተርጓሚ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ነገሩን ሰምተው «ልጄ፣ መጀመሪያ ግሡ ተሳቢ እንዳለው እዪ» አሉኝ። ሁለት ሰዎች «ኮምፕሮማይዝ» ካደረጉ ሁለቱም ከፍላጎታቸው ጥቂት ትተው ተስማምተዋል ማለት ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በእንግሊዝኛ ቅጂው፣ በቁጥር 3307፣ ቃሉን የሚጠቀምበት ባለጉዳዮች አንዳቸው ለሌላቸው በመተው ክርክራቸውን የሚያስቀሩበትን ውል ለመሰየም ነው። ተሳቢው ደኅንነት፣ ጤና፣ መርሕ ወይም የሰው ስም ሲሆን ግን ቃሉ ማዳከምን ወይም ለአደጋ ማጋለጥን ይገልጻል፤ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሕመምተኛም በሐኪሞች እንግሊዝኛ በዚሁ ቃል ይጠራል።

ሁለቱ ትርጉሞች ከአንድ ምንጭ መውጣታቸው በጣም አስገረመኝ። የላቲኑ ሥር ተከራካሪዎች ገላጋዩ የሚፈርደውን ለመቀበል አስቀድመው በጋራ የሚገቡትን ቃል ያመለክታል፤ እኛም አገር ሽማግሌዎች ነገር ከመስማታቸው በፊት ባለጉዳዮቹን «የምትሉንን እንቀበላለን» እንደሚያሰኙት ያለ ነው። እንዲህ ቃል የገባ ሰው ዕጣውን በሌላ ሰው እጅ ላይ ያኖራል፤ ከዚያ እርቅ ሊያገኝ፣ ጉዳትም ሊደርስበት ይችላል።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የታረመውን ትርጉም ራሴ ይዤ ሄድኩና ለኃላፊው ይቅርታ ጠይቄ ሰጠኋቸው። «የሁለት ሠራተኞች የመግቢያ አካውንት በማይታወቅ ሰው እጅ ገብቷል፤ አፋጣኝ ምላሽ ይስጡን» ይላል። ኃላፊው ሁለት ጊዜ አንብበው የዓርቡን ወረቀት ከፋይሉ አወጡት።